ስፌቱ የማይታይ ዜና

አንድ አጭር ዜና እንውሰድ። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የትም አልወጣም። አሠራሩ ግን ወገን ለይተው የሚጽፉ ድረገጾች በየቀኑ ከሚያወጡት አይለይም።

«ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አራት የጭነት መኪኖች አልፈዋል። ሁለቱ ሸራ የለበሱ ነበሩ። ዛሬ በሐይቅ የገበያ ቀን ቢሆንም ገበያው ሳይሞላ ተበትኗል። ለደኅንነታቸው ሲሉ ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ የከተማዋ ነዋሪ እንደነገሩን መኪኖቹ የጫኑት የጦር መሣሪያ ነው። የወረዳው ኃላፊዎች ስልካቸውን ባለማንሳታቸው ምላሻቸውን ማካተት አልቻልንም።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊው እንድናምነው የፈለገው ነገር ያለው አራተኛው ላይ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ እሱን ለመሸከም የቆሙ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሰዓትና ቁጥር አለው። «ገደማ» የምትለዋ ቃል ሥራ ላይ ናት፤ ጸሐፊው ከሚያውቀው በላይ እንደማይናገር ታሳያለች። «አራት» ደግሞ «በርካታ» አይደለም። በርካታ ከወሬ ይመጣል፤ አራት ከመስኮት። አንባቢው ቁጥሩን ሲያይ ከመጋረጃ ኋላ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ይታየዋል።

ሁለተኛው ለዜናው ምንም አይጨምርም። ጥበቡም ይኸው ነው። ውሸት የሚፈጥር ሰው ለሸራ አይጨነቅም ብለን እናስባለን፤ ስለዚህ ሸራው ምስክር ይሆናል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እዚህ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ሁለቱ ሸራ ከለበሱ ሁለቱ ክፍት ነበሩ ማለት ነው። በክፍቶቹ ላይ ምን ታየ? ዜናው አይልም። አንባቢውም አይጠይቅም፤ ዓይኑ ሸራው ላይ ቀርቷል።

ሦስተኛው ከሁሉም የረቀቀው ነው፤ ምክንያቱም በስልክ ሊጣራ ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ያለች የሐይቅ ልጅ ዜናውን አንብባ ለአክስቷ ትደውላለች እንበል። «አክስቴ፣ ገበያው ዛሬ ተበትኗል እንዴ?» «አዎ የኔ ዓለም፣ ገበያውስ አልሞላም፤ ዝናቡ መች አስቀመጠን።» ስልኩ ሲዘጋ ልጅቱ ዜናውን አጣርታለች። ያጣራችው አንዱን ዓረፍተ ነገር ነው፤ እምነቷ ግን ወደ ቀጣዩ ተሻግሯል። ዝናቡ የት እንደገባ እንጃ። ገበያው ከጦር መሣሪያው በፊት መቀመጡም ዝም ብሎ አይደለም። በኋላ ቢመጣ ጸሐፊው ራሱ ምክንያትና ውጤት ማያያዝ ይኖርበት ነበር። በፊት ሲመጣ ገበያው ምክንያቱን እየጠበቀ ይቆማል፤ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ሲደርስ የሚያያይዘው አንባቢው ነው። ሰው ራሱ ያያያዘውን በቀላሉ አይፈታም።

አራተኛው «እንደነገሩን» ይላል። ጸሐፊው አልተናገረም፤ ተነገረው። አምስተኛው የሌላውንም ወገን ጠይቀናል የሚል የሙያ ወግ ነው። በአገራችን ኃላፊ ስልክ አለማንሳቱን የማያውቅ ስለሌለ ይህኛው ዓረፍተ ነገር ያለ ምርመራ ያልፋል።

ሥራው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። የበሰለ እጅ ግን በማግስቱ አንድ ነገር ይጨምራል። «በትናንቱ ዜናችን የጦር መሣሪያ የጫኑት መኪኖች አራት ናቸው ያልነው ሦስት በሚል ይታረም። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።» ስሕተቱን የሚያርም ድረገጽ ታማኝ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። እርማቱ ግን የነካው ቁጥሩን ነው። ትናንት አንድ ስሙ ያልተገለጸ ሰው የተናገረው ጭነት ዛሬ የመኪኖቹ መለያ ሆኖ ተጽፏል። ምንጩ ወድቋል፤ ስፌቱም ጠፍቷል።

አርዕስቶቹም የራሳቸው ደረጃ አላቸው። «ተጠቆመ» ከታች ነው፤ «ተነገረ» ከፍ ይላል፤ ቀጥሎ «ታወቀ»፤ ከላይ «ተረጋገጠ»። አራቱም አድራጊያቸው አይታይም። ማን ጠቆመ፣ ማን አረጋገጠ የሚለውን ሳይነኩ ከታች ወደ ላይ መውጣት ይቻላል። ጠዋት የተጠቆመው ነገር እኩለ ቀን ላይ ይታወቃል፤ ማታ ይረጋገጣል፤ በመካከሉ አዲስ ምንጭ አልተገኘም። ያለፈው ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላው ዕቃ «አፈትልኮ የወጣ» ደብዳቤ ነው። እኛ ዘንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሰው ምስክር ይልቅ ይከበራል፤ ቀበሌ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ደብዳቤ በድረገጽ ላይ ሲወጣ ሰው ከይዘቱ በፊት መልኩን ነው የሚያየው። ሠሪውም የሚደክመው ለመልኩ ነው።

ከላይ አርማና የመሥሪያ ቤት ስም አለ። በስተቀኝ «ቁጥር» እና «ቀን»። እውነተኛ ደብዳቤ ላይ እነዚህ ብዙ ጊዜ በእስክሪብቶ ይሞላሉ፤ ደብዳቤው በኮምፒዩተር ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ቁጥር የሚያገኘው መዝገብ ቤት ሲደርስ ነውና። ቁጥሩን ከጽሑፉ ጋር በአንድ ፊደል የተየበ አስመሳይ ጀማሪ ነው። ከዚያ «ጉዳዩ፦» ከሥሩ ተሰምሮበት። አካሉ። «ከሰላምታ ጋር»። ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ቲተር፣ በላዩ ላይ ክብ ማኅተም። በእጅ የተመታ ማኅተም አንድ ጎኑ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል፤ ክቡም ፊርማውን በከፊል ይረግጠዋል። በኮምፒዩተር የተለጠፈ ማኅተም ዙሪያውን እኩል ይደምቃል፤ ፊርማውንም እንዳይነካ ይጠነቀቃል። ጨዋነቱ ያጋልጠዋል።

ፎቶውም ሥራ አለው። በስካነር የተነሣ ጥርት ያለ ገጽ ያን ያህል አያሳምንም። ዘመም ያለ የስልክ ፎቶ ይሻላል፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ይታያል፣ የአንድ ጣት ጥላ ያርፍበታል። አለቃው ወጣ ሲሉ በችኮላ የተነሣ ይመስላል።

እኔ ግን ከሁሉ የማደንቀው ከግርጌ ያለውን «ግልባጭ» ነው። ለማን ለማን እንደሚገለበጥ፣ የትኛው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ እንደሚጻፍ፣ በመጨረሻም ከሥር «ሐይቅ» ወይም «ደሴ» ተብሎ ከተማው እንደሚሰፍር የሚያውቀው የውስጥ ሰው ነው። ግልባጩ ከተስተካከለ ቢሮ ውስጥ የኖረ አንባቢ ደብዳቤውን ይቀበለዋል፤ እሱ ከተቀበለው ሌላው ይከተላል። ይዘቱስ? ጥሩ ሐሰተኛ ደብዳቤ ጥቂት ነው የሚናገረው። «ባደረግነው ስብሰባ በተሰጠው አቅጣጫ መሠረት አስፈላጊውን ዝግጅት በአስቸኳይ እንድታጠናቅቁ» ይልና ያበቃል። ስብሰባው የትኛው ነው? አቅጣጫው ምንድን ነው? አንባቢው የሚፈራውን እዚያ ውስጥ ያስገባል።

ለወሎዋ ሐይቅ ይህ ሙያ እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ሥራቸውን የጀመሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አንድ አራት ወንጌል አለው። ብራናው የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 ነው፤ ከኢትዮጵያ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት መካከል ዘመናቸው በራሳቸው ውስጥ ከተጻፈው ጥቂቶች አንዱ ነው። በብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ስብስብ ውስጥ ቁጥሩ 1832 ነው። የታሪክ ሰዎች ወደዚህ መጽሐፍ የሚሄዱት ለወንጌሉ ብቻ አይደለም። በባዶ ገጾቹና በኅዳጎቹ ላይ ለሰፈሩት ማስታወሻዎች ጭምር ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 እ.ኤ.አ. የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ተራ ያስቀመጠበትን ጥናት በ1970 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም አንዱ መሠረቱ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ነበር።

በአገራችን አድባራት የመሬትና የስጦታ ማስታወሻ በወንጌል ላይ የሚጻፍበት ወግ ነበረው። በመጀመሪያ የንጉሡ ስም ይመጣል። ቀጥሎ የተሰጠው ነገር፦ መሬቱ፣ መጽሐፉ፣ ልብሰ ተክህኖው። ከዚያ በጊዜው በሹመት ላይ የነበሩ ሰዎች፤ እገሌ ዓቃቤ ሰዓት ሳለ፣ እገሌ የዚህ አገር ገዢ ሳለ እየተባለ። እነዚህ ሰዎች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ ምስክር ናቸው፣ ቀንም ናቸው። የሹመታቸው ዘመን ከሌላ ምንጭ ጋር ከገጠመ ማስታወሻው ይታመናል፤ ካልገጠመ ይወድቃል። በመጨረሻ ውግዘቱ፦ ይህን የፋቀ፣ የለወጠ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን።

ዋናው ብልሃት ግን ቦታው ነው። ማስታወሻው ብቻውን በቁራጭ ብራና ላይ ቢጻፍ ቁራጭ ብራና ነው። በማቴዎስና በማርቆስ መካከል ሲጻፍ የጎረቤቱን ክብር ይወርሳል። መሬቱን የሚከራከር ሰው ወንጌሉን አስወጥቶ በካህናት ፊት ማስከፈት አለበት። ማጥፋት የሚፈልግ የወንጌሉን ቆዳ በቢላ መፋቅ አለበት፤ የተፋቀ ብራና ደግሞ ይሻክራል፣ ቀለሙም በላዩ ይፈሳል፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ድረገጾቹ ይህን ያውቁታል። የአንድ ወገን ድረገጽ ገጹን ከላይ እስከ ታች ብትወርዱ አብዛኛው ዜና አጨቃጫቂ አይደለም። የፈተና ውጤት፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የእግር ኳስ፣ የቀብር ማስታወቂያ፣ የዲቪ ቀነ ገደብ አለ። ከሮይተርስ፣ ከዶይቸ ቬለ የተወሰደም አለ። ዘጠኙ እውነት ናቸው፤ ማንም ሊያጣራቸው ይችላል። አሥረኛው ከመካከላቸው ተቀምጧል፤ ፊደሉ አንድ፣ የፎቶው መጠን አንድ፣ የቀኑ አጻጻፍ አንድ ነው።

እዚያው ሐይቅ ሌላ ሥራ አለ፦ ገድለ ኢየሱስ ሞዓ። እ.ኤ.አ. በ1965 በስታኒስላስ ኩር አዘጋጅነት ታትሟል። አሁን በያዘው መልክ የተጻፈው ጻድቁ ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ከገድሉ በስተጀርባ ያለው ክርክር ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክን ለዙፋን ያበቃው ቅዱስ ማን ነው? የደብረ ሊባኖስ ወገን ተክለ ሃይማኖት ይላል፤ የሐይቅ ወገን ኢየሱስ ሞዓ ይላል። ክርክሩ የክብር ብቻ አልነበረም፤ ሹመትና መሬት ነበረበት። የሐይቅ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ነበር፤ ከንጉሡ ጆሮ አጠገብ የሚቆም ሰው።

የሐይቅ ወገን ይዞታ የሚያምር አቀማመጥ አለው። ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እንደተማሩ፣ ኢየሱስ ሞዓ መምህራቸው እንደነበሩ ሁለቱም ወገኖች ይቀበላሉ። ሐይቅ የራሱን አባባል የሚያስቀምጠው ከዚህ አጠገብ ነው። ተቀናቃኙ ይህን ለመንቀል ቢነሣ የራሱን ጻድቅ ታሪክ ይነካል። ክርክር ያለበትን ነገር ክርክር ከሌለበት ጋር መስፋት ይሏል ይህ ነው። ደብረ ሊባኖስም በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የራሱን ገድል በራሱ ልክ አዘጋጅቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ደስ ይላል፤ ስፌቱ የሚታየው ያኔ ነው።

ወሎ በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላም ትልቅ ሥራ አይቷል። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀውን ፊልም አሳየ። ዓለም ወሎን ያየው በዚያ ነው። ፊልሙ በኋላ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ግን እንደ ነበረ አልመጣም። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው በደርግ እጅ እንደገና የተቆረጠ ነበር። ከረሃቡ ምስል ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ ገባ፤ ከሚሞተው ሕፃን ቀጥሎ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

በዚያ ፊልም ውስጥ የተቀባ ምስል የለም። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብዣውም ነበረ፣ ውሾቹም ሥጋ በልተዋል። ደርግ የጨመረው በሁለት ምስሎች መካከል ያለውን ቅጽበት ነው። ግብዣው መቼ ነበር? ከረሃቡ በፊት ነው ወይስ በዚያው ሳምንት? ፊልም ይህን ለመመለስ አይገደድም፤ አንዱ ምስል ሲጠፋ ሌላው ይበራል፣ ተመልካቹ ሁለቱን በአንድ ቀን ያደርጋቸዋል። ረሃቡን የደበቀው ደርግ አልነበረም፤ የተደበቀው በንጉሡ መንግሥት ነው፤ ይህም ስፌቱን አጠንክሮታል። የወሎ ሰው ለወራት ሲቀበርና ሲካድ የኖረውን ነገር ድንገት በአደባባይ ሲያይ፣ ከጎኑ የተሰፋውን አልመረመረም። ማንስ ይመረምራል?

መካድ ለተቀናቃኝ ዜና ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2004 መገባደጃ ኢሳት ቴሌቪዥን ኢንተርናሽናል ክራይሲስ ግሩፕን ጠቅሶ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ማረፋቸውን ዘገበ። ድርጅቱ እኔ እንዲህ አላልኩም አለ። መንግሥት እያገገሙ ነው አለ። ነሐሴ 15 ቀን መንግሥት ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነሐሴ 14 ሌሊት ማረፋቸውን አስታወቀ። ዜናውን እንደ ዕቃ አንሥተን እናገላብጠው። ምንጩ ተክዷል። ቀኑ መንግሥት ከሰጠው ቀን ጋር አይገጥምም። የገጠመው አንዱ ነገር ነው፤ ሰውየው መሞታቸው። ከዓመት በኋላ በአንባቢ ልብ የቀረው ይኸው አንዱ ነው። መንግሥት በነዚያ ሳምንታት ስለ ሕመሙ በቂ ነገር ተናግሮ ቢሆን ኢሳት ያን ያህል አያተርፍም ነበር።

እገዳም እንዲሁ ነው። ከግንቦት 1998 ጀምሮ ኢትዮሚዲያ፣ ኢትዮጵያን ሪቪው፣ ሳይበር ኢትዮጵያ የሚባሉ በውጭ አገር የሚዘጋጁ ድረገጾች በአገር ውስጥ አልከፍት አሉ። መንግሥት ያገድኩት የለም ይል ነበር። ደሴ ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብሎ በፕሮክሲ የከፈተ ወጣት ዜናውን ከማንበቡ በፊት አምኗል፤ ውሸት ቢሆን ማን ይዘጋዋል ብሎ። ድረገጹ ለዚህ ማኅተም አንድ ሳንቲም አላወጣም። ሰኔ 15 ቀን 2010 መንግሥት 264 ድረገጾች መከፈታቸውን አስታወቀ። በዚያ ቀን ብዙዎቹ አንባቢ አገኙ፤ ማኅተሙን ግን አጡ። ከዚያ በኋላ በጽሑፋቸው ጥራት መወዳደር ነበረባቸው፤ ለዚያውም ከዩቲዩብ ጋር።

ስማቸውንም ማየት ነው። ኢትዮጵያን ሪቪው የጥናት መጽሔት ይመስላል። ጎልጉል ቆፍሮ የሚያወጣ መሆኑን በስሙ ይነግረናል። ከካናዳ የሚዘጋጀው ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርደውን ወንዝ ስም ይዟል፤ ቶሮንቶ ላይ የተጻፈ ዜና ስሙን ሲጠሩት የወሎ ውኃ ይሸታል። ስም ከዜና በፊት የሚነበብ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደ ሐይቅና አምባሰል እንመለስ፤ የሁሉም ብልሃት በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው እዚህ ነው። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሲወርድ፣ ከአካባቢው ውጪ እምብዛም የማይጠሩ ስሞች የየሰዓቱ ዜና ሆኑ፤ ውርጌሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ቢስቲማ፣ ቦሩ ሜዳ። የቦታ ስም በጦርነት ዜና ውስጥ የሸራውን ሥራ ይሠራል። «በደሴ አቅራቢያ» የሚል ከሩቅ ያለ ነው። «ከቦሩ ሜዳ ከፍ ብሎ» የሚል እዚያ የቆመ ይመስላል። ለአገሩ ሰው ግን ስሙ ብቻ አይበቃም። ቢስቲማን አምባሰል ውስጥ ያስቀመጠ ጸሐፊ ተያዘ፤ ቢስቲማ የወረባቦ ናት። ሐይቅን ወረዳ ያደረገም ተያዘ፤ ሐይቅ ከተማ ናት፣ ወረዳዋ ተሁለደሬ ነው። ከውጫሌ ተነሥቶ በቢስቲማ አድርጎ ሐይቅ በአንድ ሰዓት የገባ ጦር የጻፈ ሰው ካርታውን እንጂ ዳገቱን አያውቅም። የወሎ ልጆች በየቴሌግራሙ የሠሩት ሥራ ይህ ነበር፤ የውጊያውን ውጤት ሳይሆን የመንገዱን ተራ ያጣሩ ነበር።

ፎቶም በዚሁ ዓይን ይታያል። በኅዳር የአምባሰል ጤፍ ይቢጫል። ኅዳር ላይ «ዛሬ የተነሣ» የተባለ ፎቶ ከወታደሩ ኋላ አረንጓዴ ማሳ ካሳየ ክረምት ላይ ተነሥቷል፣ ወይም ሌላ አገር ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ገበሬ ይበቃል።

ጥቅምት 20 ህወሓት ደሴን ያዝሁ አለ፤ መንግሥት ከተማዋ በእጃችን ናት አለ። በማግስቱ ኮምቦልቻም እንዲሁ። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኅዳር 27 መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን ገለጸ። በእነዚህ ሳምንታት በአካባቢው ስልክ ተቋርጦ ነበርና የሐይቋ አክስት አትገኝም። ሥራው ላይ የሚታይ ለውጥ መጣ። ገበያው፣ ዝናቡ፣ ሸራው ከዜናው ጠፋ። ማንም ሊያጣራው በማይችልበት ጊዜ ሊጣራ የሚችል ዓረፍተ ነገር መጻፍ ድካም ነው። የሁለቱም ወገን ዜና ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አጠረ፤ ተያዘ፣ አልተያዘም። የጸሐፊዎቹ እጅ ጎበዝ የሚሆነው አንባቢው ስልክ ሲኖረው ነው።

በዚያው ጦርነት አንድ አዲስ ዕቃ መጣ። በ2013 ውጊያው ሲጀመር መንግሥት በኋላ «ኢትዮጵያ ከረንት ኢሹስ ፋክት ቼክ» የተባለውን ገጽ ከፈተ። ስሙ የአጣሪ ነው፤ የሚያወጣው የአንዱን ተዋጊ ወገን መግለጫ ነበር። ለሥራ ጥራት ያህል ከመረጃ አጣሪው ኢትዮጵያ ቼክ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ኢትዮጵያ ቼክ አንድን ፎቶ ሐሰት ነው ሲል፣ ፎቶው ቀድሞ የወጣበትን ቦታና ጊዜ ያሳያል፤ በምን መሣሪያ እንደፈለገው ይናገራል፤ አንባቢው ያንኑ መንገድ ተከትሎ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ሊደርስበት ያልቻለውንም ይጽፋል። የመግለጫው ገጽ ያወገዘውን ዜና ሐሰት ነው ይላል፤ የራሱን ደግሞ እውነት። መንገዱን ለማየት የፈለገ አንባቢ የሚይዘው ክር አያገኝም።